ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስትና የጦርነት ወሬ

በአዲስ አበባ ከተማ ወደ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የሄደ ሰው፥ በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፥ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ለተጋደሉት አርበኞች በተለየው ስፍራ የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር ያገኛል። እኒህ ሴት ጠመንጃ ይዘው አልዘመቱም፤ መሣሪያቸው በየሳምንቱ የሚያሳትሙት ጋዜጣ ነበር። ደግሞም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የገዛ አገራቸው መንግሥት የገባበትን ጦርነት በአደባባይ የተቃወሙ ሰው ናቸው። ታዲያ ጦርነትን የተቃወመ ሰው በአርበኞች መካከል ሊቀበር የቻለው እንዴት ነው? እኛ ይህን ጥያቄ ይዘን የሚስ ሲልቪያ ፓንክረስትን የሕይወት ታሪክ በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሐፍ ለአንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን። በውጭ አገር ለሆነው ነገር የአውሮፓን አቈጣጠር፥ በአገራችን ለሆነው ግን የአገራችንን ዓመተ ምሕረት ይዘናል።

ሚስ ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1882 በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሕግ ዐዋቂ ሲሆኑ፥ ዕውቀታቸውን ለሴቶች መብትና ለድኆች ጥቅም መከራከሪያ ያደረጉ ሰው ነበሩ። ሚስ ሲልቪያ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሥዕል ይወዱ ስለ ነበር በማንችስተር፥ ኋላም በለንደን የንጉሣዊው ሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተማሩ። ነገር ግን በሥዕል ሙያ ብቻ ለመኖር አልተዋቸውም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሴቶች የፓርላማ አባሎችን ለመምረጥ መብት አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1903 እናታቸው ወይዘሮ ኤመሊን ፓንክረስት ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው ይህን መብት የሚጠይቅ ማኅበር በቤታቸው አቋቋሙ፤ ሚስ ሲልቪያና ታላቅ እኅታቸው ክሪስታቤልም የማኅበሩ ብርቱ ሠራተኞች ሆኑ። ሚስ ሲልቪያ ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ታሰሩ። በወኅኒ ቤት ምግብ አንቀምስም ብለው በጾሙ ጊዜም ምግቡ በጐማ ቱቦ በግድ ወደ ሆዳቸው ይፈስስ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሚስ ሲልቪያ ኑሯቸውን በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል፥ ወደብ ሠራተኞችና ልብስ ሰፊዎች በሚኖሩበት የድኆች ሰፈር አደረጉ። የሴቶች መብት ከድኆች ኑሮ ተለይቶ ሊታይ አይገባም የሚል አሳብ ስለ ነበራቸው ከእናታቸውና ከእኅታቸው ጋር አልተስማሙም፤ በ1914 መጀመሪያም ከእናታቸው ማኅበር ተለዩ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የራሳቸውን ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። የጋዜጣው ስም ድሬድኖት ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም ምንም የማይፈራ ማለት ነው። ስሙ እንዲያው ለጌጥ የወጣ አለመሆኑ የታወቀው አምስት ወር ሳይሞላ ነው።

በ1914 በነሐሴ ወር እንግሊዝ ከጀርመን ጋር ወደ ጦርነት ገባች። ያን ጊዜ የፓንክረስት ቤተ ሰብ ለሁለት ተከፈለ። እናታቸውና ክሪስታቤል የሴቶችን ትግል አቁመው ለጦርነቱ መቀስቀስ ጀመሩ፤ የማኅበራቸውንም ጋዜጣ በ1915 ብሪታኒያ ብለው ሰየሙት። ሚስ ሲልቪያ ግን ጦርነቱን ተቃወሙ። በአውስትራልያ ይኖሩ የነበሩት ታናሽ እኅታቸው አዴላም እንዲሁ ተቃወሙ። ከአንድ ማዕድ በበሉ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ መለያየት ሲመጣ የሚያስከትለውን ኀዘን አንባቢ ራሱ ሊገምተው ይችላል።

የጦርነቱ ወሬ በዚያን ጊዜ በምን ዓይነት መንገድ ለሕዝብ ይደርስ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ጦርነቱ በተጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ የእንግሊዝ ፓርላማ የአገር መከላከያ ሕግ የሚባለውን አወጣ፤ በዚህም ሕግ መንግሥት ጋዜጦች የሚያትሙትን የመቈጣጠር ሥልጣን አገኘ። ከዚህም በላይ ብዙ የጋዜጣ አዘጋጆች ማንም ሳያስገድዳቸው የጦር አዛዦቹን ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ይጽፉ ነበር። ለዚህ ትልቁ ምስክር በፈረንሳይ አገር በሶም ወንዝ አጠገብ የተደረገው ውጊያ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1916 በአንድ ቀን ብቻ ከ57,000 የሚበልጡ የእንግሊዝ ወታደሮች ሞቱ፥ ቈሰሉ፥ ወይም የገቡበት ጠፋ፤ ከነዚህም ውስጥ ሙታኑ ከ19,000 በላይ ነበሩ። ጋዜጦቹ ግን በማግሥቱ ቀኑ ለእንግሊዝ መልካም ቀን እንደ ነበረ አድርገው አወሩ። ልጁን የላከ አባት እውነቱን ያወቀው ከጋዜጣ ሳይሆን በየበሩ ከሚደርሰው የመርዶ ደብዳቤ ነው።

ሚስ ሲልቪያ ወደ ጦር ሜዳ የሚልኩት ወሬ ጸሓፊ አልነበራቸውም። ስለዚህ የጦርነቱን ወሬ የመረመሩት በሌላ ወገን፥ ማለት ከየቤቱ ጓዳ ነው። ጋዜጣቸው የዳቦ ዋጋ ምን ያህል እንደ ጨመረ፥ ባሏ የዘመተባት ሴት ከመንግሥት የተቈረጠላት ገንዘብ ሳይደርሳት ስንት ጊዜ እንደ ቈየች፥ የወታደር ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ደመወዛቸው ምን ያህል ጥቂት እንደ ነበረ ይጽፍ ነበር። በጽሑፍም ብቻ አልቀሩም። ድኆች በርካሽ የሚመገቡበትን ምግብ ቤት፥ የእናቶችና የሕፃናት ሕክምና የሚሰጥበትን ክፍል፥ ሥራ ያጡ ሴቶች መጫወቻ እየሠሩ የሚተዳደሩበትን ፋብሪካ አቋቋሙ። አንድ መጠጥ ቤትም ተከራይተው የሕፃናት ማዋያ አደረጉት። ጦርነት በሩቅ አገር ብቻ የሚደረግ ነገር አለመሆኑን በዚህ ሥራቸው ያሳዩ ነበር።

የተጋነነ ወሬ ምን እንደሚያደርግም በዓይናቸው አዩ። በ1915 በግንቦት ወር የጀርመን የባሕር ውስጥ መርከብ ሉሲታኒያ የምትባለውን የመንገደኞች መርከብ አሰጠመ፤ ከ1,000 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ይህ በእውነት የሚያሳዝን ነገር ነበር። ነገር ግን የተቈጣው ሕዝብ ቍጣውን ያወረደው በሠፈሩ ለብዙ ዓመት ዳቦ ሲጋግሩ በኖሩ የጀርመን ተወላጆች ላይ ነው። ሱቃቸው ተሰበረ፥ ዕቃቸው ተዘረፈ፥ ሴቶቻቸውም ተደበደቡ። ሚስ ሲልቪያ ይህን ነውር ሳይሸሽጉ ጻፉ፤ ጐረቤት በጐረቤቱ ላይ የተነሣው በጠላት ወታደር ትእዛዝ ሳይሆን በገዛ ወገኑ ቅስቀሳ መሆኑን ተረድተው ነበርና።

በ1916 መንግሥት ወጣቶችን በግዳጅ ለጦርነት የሚመለምልበት ሕግ ወጣ። ሚስ ሲልቪያ ይህን ሕግ በመቃወም በሚያዝያ ወር በለንደን በትራፋልጋር አደባባይ በተደረገው ትልቅ ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ ስብሰባውም በረብሸኞች ታወከ። እናታቸው በዚያ ጊዜ በአሜሪካ ነበሩ። ወሬውን በሰሙ ጊዜ የልጃቸውን ሥራ የሚያወግዝ ቴሌግራም ላኩ፤ ቴሌግራሙም በእናትየው ጋዜጣ ላይ ታተመ። በእናት ተወግዞ፥ የአገር ከዳተኛ ተብሎ መኖር ቀላል ፈተና አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ የምናነበው ነቢዩ ኤርምያስም ጦርነት በሆነ ጊዜ የወታደሮቹን እጅ ታደክማለህ ተብሎ ወደ ጭቃ ጕድጓድ ተጥሎ ነበር። በጦርነት ጊዜ የማይወደድ እውነት የሚናገር ሰው የሚደርስበት ክስ ከጥንት ጀምሮ አንድ ዓይነት መሆኑን ከዚህ እንማራለን። እናትና ልጅ ሳይታረቁ ወይዘሮ ኤመሊን እ.ኤ.አ. በ1928 ዐረፉ።

ሚስ ሲልቪያ ግን ሥራቸውን አልተዉም። በ1917 ሲግፍሪድ ሳሱን የተባለው በጀግንነቱ የተሸለመ መኰንንና ባለ ቅኔ ጦርነቱ ያለ ምክንያት ተራዘመ ብሎ የጻፈውን የተቃውሞ ቃል በጋዜጣቸው አወጡት። በ1920 ደግሞ ወታደርና መርከበኛን የሚያሳምፅ ጽሑፍ አትማችኋል ተብለው ስድስት ወር ተፈረደባቸው። በዚያ ዘመን የሩስያን አብዮት ይደግፉ ነበር፤ ሆኖም የእንግሊዝ ኮሙኒስት ፓርቲ ጋዜጣቸውን በእጁ ለማድረግ በጠየቀ ጊዜ እንቢ ስላሉ በ1921 ከፓርቲው ተባረሩ። እንግዲህ መንግሥትም እናትም ፓርቲም ብዕራቸውን ሊያስጥሏቸው እንዳልቻሉ እናያለን።

አሁን ወደ አገራችን ነገር እንመለስ። ሚስ ሲልቪያ የሙሶሊኒን ፋሺስት መንግሥት ገና ከጥንቱ የሚቃወሙ ነበሩ። በ1935 በሚኖሩበት በዉድፎርድ መንደር በአውሮፕላን ቦምብ መጣልን የሚያወግዝ፥ በቦምብ መልክ የተጠረበ የድንጋይ ሐውልት አስቆሙ፤ ሐውልቱ እስከ ዛሬ በዚያው አለ። በዚያው ዓመት ኢጣልያ አገራችንን ወረረች። ምንም እንኳ ኢጣልያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ውል የፈረመች ብትሆን፥ በወታደሩም በባላገሩም ላይ መርዝ ከአውሮፕላን አዘነበች። የሙሶሊኒ ጋዜጦች ግን ሥልጣኔ ልናስገባ ሄድን እያሉ ይጽፉ፥ የጋዙንም ነገር ይክዱ ነበር።

ጠላት አዲስ አበባ በገባበት በ1928 ዓ.ም. በዚያው ሰሞን ሚስ ሲልቪያ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ በለንደን አቋቋሙ። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ረዷቸው። ሌሎች ጋዜጦች የኢትዮጵያ ነገር አለቀ ብለው ፊታቸውን ባዞሩ ጊዜ፥ ይህ ጋዜጣ አርበኞች በየጫካው እንደሚዋጉና በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን ግፍ ለዓለም ያወራ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በ1938 እ.ኤ.አ. የኢጣልያን ገዢነት ባወቀ ጊዜም ጋዜጣው አልቆመም፤ እስከ 1956 ድረስ ሃያ ዓመት ኖረ። በ1940 የጀርመን ናዚዎች እንግሊዝን በያዝን ጊዜ እንይዛቸዋለን ብለው ካዘጋጁት የሰዎች ዝርዝር ውስጥ የሚስ ሲልቪያ ስም ይገኝ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፥ የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፥ ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ያነሣነው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ላይ ይገኛል ብለን እናምናለን። ሚስ ሲልቪያ በ1914 ጦርነትን ተቃውመው በ1928 ዓ.ም. ከተዋጊዎች ጋር ስለ ቆሙ አሳባቸውን የለወጡ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የሚመታው ማን ነው፥ ስለሚመታውስ የሚያወራው ማን ነው የሚል ነው። በለንደን የዘማች ሚስት፥ በኢትዮጵያ በጋዝ የተቃጠለው ባላገር ወሬያቸውን የሚያትምላቸው አልነበረም። ሚስ ሲልቪያ ከነርሱ ዘንድ ሄደው ጠየቁ።

ይሁን እንጂ ታሪክ ጻፊ ለሚወደውም ሰው ቢሆን ማድላት አይገባውም። የሚስ ሲልቪያም ጋዜጣ ወገን የለየ ጋዜጣ ነበር። ለአገራችን ከነበራቸው ታላቅ ፍቅር የተነሣ የመንግሥታችንን መልካም ሥራ ሲያወድሱ ጕድለቱን አይመረምሩም ነበር የሚሉ አሉ፤ እኛም ይህ ነቀፋ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም። በገዛ አገራቸው ላይ ያሳዩትን የመመርመር ድፍረት በወደዱት አገር ላይ በዚያው መጠን አላሳዩም። ከዚህ የምንማረው፥ የምናምነውን ሰው ጽሑፍ እንኳ በማስተዋል ማንበብ እንዳለብን ነው።

ከነጻነት በኋላ ሚስ ሲልቪያ በልዕልት ፀሐይ ስም ለተሠራው ሆስፒታል ገንዘብ በማሰባሰብ ደከሙ። በ1948 ዓ.ም. ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር መጥተው በአዲስ አበባ ተቀመጡ፤ ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለውንም መጽሔት ያዘጋጁ ነበር። በ1953 ዓ.ም. መስከረም 17 ቀን፥ በመስቀል በዓል ዕለት በ78 ዓመታቸው ዐረፉ። በቀብራቸውም ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጣቸው። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው ታሪካችንን ሲያጠኑ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ፤ እርሳቸውም በዚያው ካቴድራል ተቀበሩ።

ዛሬ የጦርነት ወሬ በሳምንት አንድ ጊዜ በጋዜጣ አይመጣም፤ ሌሊትና ቀን በእጃችን በያዝነው ስልክ ይደርሰናል። እኛም ተማሪዎች ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በር ሳንደርስ ያየነውን ለጓደኛችን እናስተላልፋለን። በዚያ ወሬ ምክንያት የማን ሱቅ እንደሚሰበር፥ የማን ልጅ ከአንድ ወንበር ከእኛ ጋር ተቀምጦ አንገቱን እንደሚደፋ ግን አንጠይቅም። ከሚስ ሲልቪያ ሕይወት ሌላው ሁሉ ቢረሳን ይህ አንድ ልማድ እንዲቀርልን እንመኛለን፤ ወሬ ከማስተላለፋችን በፊት የወሬው ባለቤት የሆነውን፥ የተመታውን ሰው ራሱን እንጠይቅ። ወደ ሥላሴ የሚሄድ ተማሪም በዚያ መቃብር አጠገብ ጥቂት ቆም ብሎ ያስብ።