ራዚ፦ ያየውን የመዘገበ ሐኪም



እገሌ ይህን ቅጠል ጠጥቶ ዳነ፣ ለሌላውም አስተላልፉ የሚል መልእክት በስልካችሁ ደርሷችሁ ያውቃል? ዛሬ ከማስተላለፋችሁ በፊት የአንድ ሐኪም ታሪክ ልንገራችሁ።

አቡ በክር ሙሐመድ ኢብኑ ዘከሪያ አር-ራዚ ይባላል። ከሙፈሲሩ ፈኽሩዲን አር-ራዚ ጋር እንዳታምታቱት፤ ሁለቱም የረይ ከተማ ልጆች ቢሆኑም በመካከላቸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አለ። ረይ ዛሬ ቴህራን አጠገብ ናት። የእኛው ራዚ እዚያም ባግዳድም ሆስፒታል መርቷል።

በዘመኑ ለሐኪሞች የግሪኩ የጃሊኑስ ቃል ትልቅ ማስረጃ ነበር። ራዚም ያከብረው ነበር። ነገር ግን ጃሊኑስ ስለ ትኩሳት የጻፈውን ሆስፒታል ውስጥ ካያቸው ሕሙማን ጋር ሲያስተያይ፣ ብዙዎቹ እንደተጻፈው አልሆኑለትም። ጥርጣሬውን ሳይደብቅ በኪታብ አሰፈረው።

ሲርሳም የሚሉት፣ ከዛሬው ማጅራት ገትር ጋር የሚቀራረብ በሽታ ነበር። ራዚ ምልክቱ ከጀመራቸው ሰዎች ከፊሎቹን የደም ሥር በጥቶ ደም አፈሰሰላቸው። ሌሎቹን ግን ሆን ብሎ ተዋቸው፤ ልዩነቱን ማወቅ ፈልጎ ነበር። የተተዉት ሁሉ ታመሙ። እሱም ደም ማፍሰስ ያድናል ብሎ ደመደመ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ድምዳሜው ትክክል አልነበረም፤ ዛሬ ማጅራት ገትርን ደም በማፍሰስ የሚያክም ሐኪም የለም። ስንት ሰው እንደነበሩ አልጻፈም፤ ማን በየትኛው ወገን እንደሚሆንም ራሱ ነበር የመረጠው። ሳያስፈቅዱ በሽተኛን መተውም ዛሬ አይፈቀድም። በ1947 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ስትሬፕቶማይሲንን በሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ ሲፈትኑ፣ ማን መድኃኒቱን እንደሚያገኝ የወሰነው ዕጣ ነበር፤ የሐኪሙ ምርጫ ሚዛኑን እንዳያዛባው ማለት ነው።

ታዲያ ከራዚ ምን ቀረልን? ጥያቄው። ይህ ሰው ባይታከም ኖሮስ ምን ይሆን ነበር? ያ ቅጠል የጠጣው ሰው ሳይጠጣም ይድን ይሆናል። ጠጥተው ያልዳኑት ደግሞ መልእክት አይልኩም። አንድ እናት ግን ያንን አምና የደም ግፊት ኪኒኗን ልታቆም ትችላለች።

ራዚ በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ ጠፋ፤ በ313 ዓ.ሂ. ረይ ውስጥ አረፈ። ይህ ታሪክም የተገኘው ከሞቱ በኋላ ተሰብስቦ አል-ሓዊ ከተባለው ማስታወሻው ነው።

እናንተም ያላረጋገጣችሁትን አላውቅም በሉ። ሊቃውንቶቻችን ፈትዋቸውን የሚዘጉበት ቃል ለስልካችንም ይሁን፦ ወላሁ አዕለም።