ጆን ቦይድ ዳንሎፕና የቢስክሌት ጎማ ልክ

ተማሪዎች፣ በአሮጌ ቢስክሌት ጎማ ጎን ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ልብ ብላችሁ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁን? 27 ኢንች የሚል ጎማ 28 ኢንች በሚባል ቸርኬ ላይ ሲገባ ሰፍቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ትንሹ ቁጥር ሊጠብ እንጂ ሊሰፋ አይገባውም ነበርና ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል። መፍቻውን የምታገኙት በአየር የሚነፋውን ጎማ ከሕዝብ ጋር ባስተዋወቀው በጆን ቦይድ ዳንሎፕ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ነው። በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስታውሱ።

ዳንሎፕ በ1840 በስኮትላንድ፣ ድሬግሆርን በተባለ መንደር ተወለደ። በኤዲንበርግ ከተማ የእንስሳት ሕክምና ከተማረ በኋላ በዚያው ሙያ ጥቂት ዓመታት ሠራ። በ1867 ወደ አየርላንድ ተሻግሮ ኑሮውን በዚያ መሠረተ። ውሎ አድሮም በቤልፋስት ከተማ ብዙ ደንበኞች ያሉት የታወቀ የእንስሳት ሐኪም ሆነ። እንግዲህ ስሙን በዓለም ዙሪያ ያስጠራው የተማረው ሙያ እንዳልነበረ ልብ በሉ።

በዚያ ዘመን የቢስክሌት መንኰራኵር የሚለብሰው አየር የሌለበት ድፍን ጎማ ነበር። ስለዚህ በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ሰውነቱ እስኪዝል ድረስ ይንገጫገጭ ነበር። የዳንሎፕ ትንሽ ልጅም ባለ ሦስት መንኰራኵር ቢስክሌት ነበረው። አባትየው የልጁን መንገላታት አይቶ በ1887 መላ መፈለግ ጀመረ። ከስስ የጎማ ልጥ ቱቦ ሠራ፤ ቱቦውን በክብ እንጨት ዙሪያ አድርጎ በጨርቅ ሸፈነውና በእግር ኳስ መንፊያ አየር ሞላው። ከዚያም ይህንንና ድፍን ጎማ የለበሰውን መንኰራኵር በግቢው ውስጥ በየተራ አንከባለለ። ባለ ድፍን ጎማው ብዙም ሳይሄድ ሲቆም፣ በአየር የተሞላው ግን የግቢውን ዳር እስኪነካ ድረስ ተንከባለለ። ዳንሎፕም ሥራውን አሻሽሎ በ1888 የፈጠራ መብት ማረጋገጫ ወረቀት ተሰጠው።

አዲሱ ጎማ ወፍራም ስለ ነበረ በመጀመሪያ ያዩት ሰዎች አፌዙበት። ሆኖም በ1889 በቤልፋስት በተደረገ ውድድር ዊሊ ሂዩም የተባለ ጋላቢ በዚሁ ጎማ እየነዳ ተወዳዳሪዎቹን ቀደመ። ፌዙም ወደ አድናቆት ተለወጠ። ሃርቪ ዱ ክሮ የተባለ የደብሊን ነጋዴ ከዳንሎፕ ጋር ተባብሮ በዚያው ዓመት ጎማውን የሚያመርት ኩባንያ አቋቋመ።

ነገር ግን ደስታው ብዙ አልቆየም። ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የተባለ ሌላ የስኮትላንድ ተወላጅ ለሠረገላ የሚሆን የአየር ጎማ ፈልስፎ በ1845 መብቱን አስመዝግቦ ኖሯል። ዳንሎፕ ይህን ሳያውቅ በራሱ ጥረት የደረሰበት ቢሆንም፣ የተሰጠው መብት የማይጸና መሆኑ በ1890 ተነገረው። ኩባንያውም የቆመበት መሠረት ተናጋ።

ኩባንያውን ካዳኑት ነገሮች አንዱ ቻርልስ ኪንግስተን ዌልች በዚያው በ1890 ያስመዘገበው ፈጠራ ነው። የዳንሎፕ ጎማ ከቸርኬው ጋር የተጣበቀ ስለ ነበረ ሲበሳ መጠገኑ አድካሚ ነበር። ዌልች ግን በጎማው ሁለት ጠርዞች ውስጥ ሽቦ አስገባ፤ ቸርኬውንም ለዚያ እንዲመች መካከሉን ጐድጓዳ አደረገው። ጎማው በቀላሉ የሚወጣና የሚገባ ሆነ። ኩባንያውም ይህን መብት ገዝቶ ሥራውን ቀጠለ።

የእንቆቅልሹ መፍቻ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሽቦ አይለጠጥም፤ ስለዚህ የሽቦው ክብ ልክና ጠርዙ የሚያርፍበት የቸርኬው ክፍል ልክ ፍጹም መስማማት አለባቸው። የቀድሞ አምራቾች ግን ጎማውን የሚጠሩት በተነፋ ጊዜ ባለው የውጭ ስፋት ነበር። ጎማው ሲቀጥን ወይም ሲወፍር የውጭው ስፋት ይለዋወጣል፤ ስሙ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ስለዚህ 28 ኢንች ከሚባሉት ጎማዎች አንዱ በ622፣ ሌላው በ635 ሚሊ ሜትር ማረፊያ ላይ ይቀመጣል። 27 ኢንች የሚባለው የእሽቅድምድም ቢስክሌት ጎማ ደግሞ ማረፊያው 630 ሚሊ ሜትር ነው። ከ622 ቸርኬ ላይ ሲገባ የሚሰፋውም ስለዚህ ነው።

ይህን ግራ መጋባት ለማስወገድ በኋላ ዘመን አይ.ኤስ.ኦ. 5775 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣ። በዚህ መሠረት 32-630 የሚል ጽሑፍ ብታገኙ፣ 32 የጎማው ውፍረት፣ 630 የማረፊያው ስፋት በሚሊ ሜትር መሆኑን ትረዳላችሁ። ጽሑፉ ከጠፋ ደግሞ ጎማውን አውልቃችሁ የማረፊያውን ዙሪያ በማይለጠጥ ክር ለኩና ለ3.14 አካፍሉ። ዙሪያው 1954 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 622 ያህል ይሆናል።

ዳንሎፕ በ1895 ከኩባንያው ተለየ። ከዚያም በደብሊን በጸጥታ ኖሮ በ1921 በ81 ዓመቱ ዐረፈ። ስሙ ግን ኩባንያው በሚሠራቸው ጎማዎች ላይ ታትሞ ቀረ። እናንተም በአንድ ነገር ላይ የተጻፈ ስም የነገሩን ታሪክም ሆነ ልክ ሙሉ በሙሉ እንደማይገልጥ ከዚህ ተረዱ፤ ከዳንሎፕ በፊት ቶምሰን፣ ከእርሱም በኋላ ዌልች ነበሩና። ልክን የሚያውቅ ስሙን ያነበበ ሳይሆን የለካ ነው።

መልመጃ

1. ዳንሎፕ የአየር ጎማ ለመሥራት ያነሣሣው ምን ነበር?
2. የዳንሎፕ የፈጠራ መብት ያልጸናው ለምንድን ነው?
3. የማረፊያው ዙሪያ 1979 ሚሊ ሜትር የሆነ ቸርኬ የትኛውን ጎማ ይቀበላል? ሠርታችሁ አሳዩ።
4. የምንባቡን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር መነሻ በማድረግ አንድ አንቀጽ ጻፉ።