የጅማው ሞቲ አባ ጅፋር እና የታላላቅ ሰዎች ዜና ዕረፍት

ስመ ጥር ሰው በሞተ ጊዜ የሕዝብ ጆሮ ይቆማል። ነጋዴው ሚዛኑን፣ ገበሬው ሞፈሩን፣ ተማሪውም ደብተሩን ለጊዜው አቆይቶ መቼ ሞተ፣ በምን ሞተ፣ ማንስ አጠገቡ ነበር እያለ ይጠይቃል። በ1989 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የእንግሊዟ ልዕልት ዳያና በፓሪስ ከተማ በመኪና አደጋ በሞተች ጊዜ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ለሳምንታት ሌላ ወሬ የሌለ እስኪመስል ድረስ ስለ እርስዋ አወሩ። በአገራችንም ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ባረፈ ጊዜ ራዲዮው፣ ቴሌቪዥኑና ጋዜጣው እስከ ቀብሩ ድረስ፣ ከቀብሩም በኋላ፣ ስለ እርሱ ከመናገር አላረፉም። ሰው የሚወደውን ሲያጣ ማልቀሱ የተገባ ነው። ሆኖም ልቅሶና ወሬ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም፤ አንዳንድ ጊዜም ወሬው ልቅሶውን ይውጠዋል።

ይህ ጉጉት ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ጋር የተፈጠረ እንዳይመስለን፣ መገናኛው የነጋዴ ቅፍለትና የመልእክተኛ እግር በነበረበት ዘመን የኖሩትን የአንድ ሰው ሕይወት እንመልከት። እኚህ ሰው የጅማው ንጉሥ ሁለተኛው አባ ጅፋር ናቸው።

አባ ጅፋር የተወለዱት በ1853 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባታቸው አባ ጎሞል፣ እናታቸው ጉሚቲ ይባላሉ። በዚያን ዘመን በግቤ ወንዝ ማዶ ሊሙ ኢናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የተባሉ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ። አምስቱም ንጉሣቸውን ሞቲ ይሉት ነበር። ገዢዎቹ የሚታወቁት በፈረሳቸው ስም ስለነበረ፣ አባ ጅፋር ማለትም የጅፋር ፈረስ ባለቤት ማለት ነው። አባታቸው በ1870 ዓ.ም. ገደማ በሞቱ ጊዜ አባ ጅፋር ዕድሜያቸው ከዐሥራ ሰባት ዓመት ብዙም ሳያልፍ በዙፋኑ ላይ ተቀመጡ።

ወጣቱ ሞቲ የገቡበት ዘመን አስጨናቂ ነበር። በግንቦት 1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ተዋግተው ድሉ የምኒልክ ሆነ። ከዚያ በኋላ የግቤ አገሮች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ሸዋ ማዞር ግድ ሆነባቸው። አንዳንዶቹ ተዋግተው ተሸነፉ፤ አንዳንዶቹም እርስ በርሳቸው ሲናቆሩ ተያዙ። በጅማ ግን እናታቸው ጉሚቲ፣ አስተዋይና ቆራጥ ሴት ነበሩና፣ ልጃቸው ከምኒልክ ጋር እንዳይዋጋ፣ ይልቁንም ገብሮ አገሩን እንዲያድን መከሩት ይባላል። አባ ጅፋርም ምክሩን ተቀበሉ። በዓመት በዓመቱ የወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የማርና የሌላም ሀብት ግብር ለመላክ ተስማሙ፤ በለውጡም የአገራቸውን የውስጥ አስተዳደር በእጃቸው አስቀሩ። የጎረቤቶቻቸው ዙፋኖች አንድ በአንድ ሲጠፉ የጅማ ዙፋን ቆመ። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ፣ በ1889 ዓ.ም. ደግሞ በካፋ በተደረጉት ዘመቻዎች የጅማ ሠራዊት ከምኒልክ ጦር ጋር ተሰልፎ ሄደ። ይህ ሥራቸው በጎረቤት ሕዝብ ዘንድ ምን ያህል ቅሬታ እንዳተረፈላቸው ለመገመት አያስቸግርም።

የአባ ጅፋር ኃይል ከጦር ይልቅ በንግድ ላይ የቆመ ነበር። ቤተ መንግሥታቸው ከዛሬው የጅማ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ከኮረብታው ግርጌ ደግሞ በየሳምንቱ ሐሙስ የሚውለው የሂርማታ ገበያ ነበር። ከካፋ፣ ከኩሎ፣ ከወለጋ፣ ከሸዋና ከጎጃም የሚመጡ ቅፍለቶች ሁሉ እዚያ ይገናኙ ነበር። ወደ አገሩ የሚገባና ከአገሩ የሚወጣ ሰው በኬላ ያልፋል፤ ነጋዴውም ቀረጥ ይከፍላል። በገበያው ላይ ዝባድ፣ ማር፣ ከብት፣ አሞሌ ጨውና ቡና ይሸጡ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ሂርማታ ከታላላቆቹ የባሪያ ገበያዎች አንዱ እንደነበረ፣ የሞቲውም ሀብት ከፊሉ ከዚሁ የተገኘ መሆኑ የታወቀ ነው። የአባ ጅፋርን ብልኅነት የሚያወድስ ሰው ይህን ዘልሎ ቢያልፍ ታሪክን ሳይሆን ተረትን ይጽፋል። በሃይማኖት በኩል ደግሞ ለእስልምና ትምህርት መስፋፋት የደከሙ ሰው ነበሩ፤ ወደ መካ ለሐጅ ለሚሄዱ ሰዎችም በዚያው ማረፊያ ቤት እንዳዘጋጁ ይነገራል።

እንግዲህ የሞት ወሬ ለጅማ ምን ማለት እንደነበረ የሚገባን ይህን ካወቅን በኋላ ነው። የጅማ ነፃነት የተመሠረተው በሁለት ሰዎች መካከል በነበረ ቃል ላይ ነበር። አንደኛው ሰው አባ ጅፋር፣ ሁለተኛው አፄ ምኒልክ ናቸው። ምኒልክ ከሞቱ ቃሉን የሚጠብቀው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በጅሬን እልፍኝ ውስጥ ለመንግሥቱ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ነበር።

ምኒልክ በሽታ ጸናባቸው። በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወጁ፤ ከዚያም በኋላ ሰውነታቸው እየደከመ፣ አንደበታቸውም እየተያዘ ሄደ። ዓመታት አለፉ። ንጉሠ ነገሥቱ አሉ ይባላል፤ ነገር ግን አይታዩም። በዚህ ጊዜ ወሬ እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። የአውሮፓና የአሜሪካ ጋዜጦች ምኒልክ ሞቱ ብለው ደጋግመው ጻፉ፤ ደግመውም አልሞቱም ብለው አስተባበሉ። አንድ ሰው በሕይወት ሳለ ብዙ ጊዜ ሞተ። ጋዜጣው ርቆ ያለ ባዕድ ነበርና ቢሳሳት አይደንቅም፤ ነገር ግን የወሬው ምንጭ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ዝም በማለቱ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ሕዝብ እውነቱን ካልተነገረው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የጎደለውን በራሱ ይሞላዋል።

አፄ ምኒልክ በእውነት ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ሞታቸው ግን አዋጅ አልተነገረለትም። በአገራችን ልማድ መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው። ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራል፤ ለቅሶኛው ደረቱን ይደቃል፤ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፤ አርባውና ተዝካሩም በየጊዜው ይወጣል። ለተራው ገበሬ የማይቀረው ይህ ሁሉ ሥርዓት ለንጉሠ ነገሥቱ በጊዜው ቀረ። አስከሬናቸውም በግቢው ውስጥ በምስጢር ተቀመጠ። እንዲህ ያለው መደበቅ አዲስ አልነበረም። በ1723 ዓ.ም. አፄ በካፋ በሞቱ ጊዜ ባለቤታቸው ምንትዋብ ወንድሞቻቸው እስኪደርሱና የልጃቸው አልጋ እስኪጸና ድረስ ሞቱን ሸሽገው ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የንጉሥ ሞት ከተሰማ ገበያ ይበተናል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ሽፍታ ይነሣል፣ የዙፋን ተቀናቃኝም ጦሩን ያሰልፋል። ስለዚህ በቀድሞ ዘመን ሹማምንቱ የሚፈሩት የሞት ዜና እንዳይበዛ ሳይሆን ጭራሽ እንዳይሰማ ነበር። የእኛ ዘመን ደግሞ ነገሩን ገልብጦ፣ ከሚገባው በላይ አበዛው።

ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ነገሡ። የአባታቸው ዐፅም ያረፈበትን የታእካ ነገሥት በኣታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያንንም ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። በዚህ ሁሉ ነውጥ መካከል አባ ጅፋር ግብራቸውን ሳያቋርጡ፣ ወደ አንዱም ወገን ከልክ በላይ ሳያዘነብሉ አገራቸውን ይዘው ቆዩ። በእኔ አስተያየት ትልቁ ችሎታቸው የታየው በዘመቻዎቹ ሳይሆን በእነዚህ ዓመታት ነው። ቃል የሰጣቸው ሰው ከሞተ በኋላ ቃሉን ወደ ሃያ ዓመት ያህል በሕይወት አቆይተውታልና።

ዕድሜ ግን ለማንም አይመለስም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አባ ጅፋር አርጅተውና ታምመው ነበር። አስተዳደሩ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ አባ ጆቢር አባ ዱላ እጅ እያደር ተሻገረ። በአዲስ አበባ ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ ነግሠው አገሩን ሁሉ በአንድ ማዕከል ሥር ለማድረግ ቆርጠው ተነሥተዋል። የጅማ ቡናና የኬላው ቀረጥ ከዚህ አሳብ ውጭ ሊቀር አይችልም ነበር። አባ ጆቢር በማዕከላዊው መንግሥት ላይ አንገራገሩ፤ ተይዘውም ታሰሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ጅማ የራሷ ንጉሥ ያላት አገር መሆኗ አበቃ። አባ ጅፋርም በዚያው ዓመት አረፉ።

የመንግሥቱ ፍጻሜና የሽማግሌው ዕረፍት እንዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ስለመጡ፣ በሰው አፍ ሁለቱ ነገሮች ተቀላቅለው እንደ አንድ ታሪክ ይነገራሉ። ንጉሡ ስለሞቱ መንግሥቱ ጠፋ የሚል አለ። መንግሥቱ ስለተወሰደባቸው በሐዘን ሞቱ የሚልም አይጠፋም። ሰባ ዓመት የሞላቸው በሽተኛ ሽማግሌ ለመሞት የግድ ሌላ ምክንያት የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም፤ ሕዝብ ግን ታላቅ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው በእርጅና መሞቱን መቀበል ይከብደዋል። በእስልምና ሥርዓት መሠረት ሟች ሳይዘገይ ይቀበራል። ስለዚህ በሩቁ ያለ ሰው ሞቱንና ቀብሩን የሚሰማው በአንድ ጊዜ ነው። ለቀናት የሚታይ አስከሬን፣ ለቀናትም የሚነገር ዜና የለም። ራዲዮም ገና በአገሩ አልነበረም። ለሃምሳ ዓመታት በላይ የነገሡ ሰው በቅፍለት መንገድ፣ ከአፍ ወደ አፍ በሚተላለፍ ቃል ብቻ ተሸኙ።

ዛሬ በጅማም ሆነ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት ቡና ቤት ውስጥ የአባ ጅፋር ስም ሲነሣ፣ በቅድሚያ የሚነገረው ቁመታቸው ነው። ከሁለት ሜትር በላይ ነበሩ ይባላል። ከዚያም ስለ ፈረሳቸው፣ ስለ አልጋቸው ርዝመትና ስለ አሟሟታቸው ይቀጥላል። ኬላው እንዴት ይጠበቅ እንደነበር፣ ዳኝነቱ በማን እጅ እንደነበር፣ በሂርማታ የተሸጡት ሰዎች ከየት መጥተው ወዴት እንደሄዱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኸርበርት ሉዊስ በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ጅማ መጥተው ያን ዘመን ያዩትን ሽማግሌዎች የጠየቁት ስለዚሁ ስለ አስተዳደሩ ነበር። በ1965 ያሳተሙት መጽሐፍም ስለ ጅማ መንግሥት አሠራር ብዙ ነገር ከመረሳት አድኖልናል። ሽማግሌዎቹ ያውቁ ነበር፤ ጠያቂ ግን እስከዚያ ድረስ ዘግይቶባቸው ነበር።

ኢጣልያኖች አገሩን በወረሩ ጊዜ አባ ጆቢርን ከእስር ፈትተው የሱልጣንነት ማዕረግ ሰጧቸው፤ ጅማንም የጋላና ሲዳሞ ብለው የሰየሙት ግዛት ዋና ከተማ አደረጓት። ወረራው በ1933 ዓ.ም. ሲያበቃ ማዕረጉም አብሮ አከተመ። አባ ጅፋር ይገለገሉባቸው የነበሩ ዕቃዎች ከፊላቸው በጅማ ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ። የእንጨት ሥራ የሆነው ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ዘመናትን አሳልፏል፤ ከሥሩም ሂርማታ ገበያ ይውልበት በነበረው ስፍራ ላይ፣ ከጎማ፣ ከጌራና ከሊሙ የሚመጣው ቡና የሚጫንባት የጅማ ከተማ ተዘርግታለች።