ከሰማይ የመጣውን ድምፅ ያገኘው ካርል ጃንስኪ

ሬዲዮ ስንከፍት ጣቢያው ጥርት ካላለ «ሽሽሽ» ይላል አይደል? እኛ ቶሎ ብለን እንቀይረዋለን። ካርል ጃንስኪ ግን የዚህን ሽሽታ ምንጭ ፍለጋ ከአንድ ዓመት በላይ ደክሟል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጃንስኪ በ1905 አሜሪካ ውስጥ ኦክላሆማ ተወለደ። ፊዚክስ ተማረ። ከወጣትነቱ ጀምሮ የኩላሊት ሕመም ነበረበት። በ1928 ቤል በሚባል የስልክ ኩባንያ የምርምር ክፍል ተቀጠረ። ያኔ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚደረገው የስልክ ንግግር በሬዲዮ ነበር የሚተላለፈው፤ ጩኸት ይረብሸዋል። የጃንስኪ ሥራ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነበር።

30 ሜትር ገደማ የሚረዝም አንቴና ሠርቶ በመኪና ጎማዎች ላይ አስቀመጠውና እያዞረ ያዳምጥ ጀመር። የቅርብ መብረቅ ሰማ፤ የሩቅ መብረቅም ሰማ። ሦስተኛው ግን ደከም ያለ፣ የማያቋርጥ ሽሽታ ነው። መጀመሪያ ከፀሐይ የመጣ መሰለው። ነገር ግን ድምፁ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀደም እያለ ይመጣል። እንዲህ ቀድመው የሚወጡት ደግሞ ከዋክብት ናቸው! ለካስ ድምፁ የሚመጣው ከፍኖተ ሐሊብ መሐል ኖሯል። ይህንን በ1933 ይፋ አደረገ፤ ጋዜጦችም ጻፉለት።

ታዲያ ምን ያደርጋል? ኩባንያው ወደ ሌላ ሥራ አዞረው። ሰማዩን ማጥናት እንደፈለገ ሳይቀጥልበት በ1950 በ44 ዓመቱ ሞተ።

የከፈተው በር ግን አልተዘጋም። ዛሬ በኒው ሜክሲኮ በረሃ በስሙ የሚጠራ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አለ፤ እያንዳንዳቸው 25 ሜትር የሚሰፉ 27 ሳህኖች አሉት። እንዲህ ያሉ ቴሌስኮፖች የፈነዱ ከዋክብትን ይከታተላሉ። ትልቅ ኮከብ ዕድሜው ሲያልቅ ይፈነዳል፤ ይህም ሱፐርኖቫ ይባላል። ብርሃኑ ቶሎ ይደክማል። ፍንጣሪው ግን በዙሪያው ካለው ጋዝ ጋር እየተጋጨ ለዓመታት የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ አቧራም አይጋርደውም።

ለምሳሌ በ1993 ኤም 81 በሚባል ጋላክሲ አንድ ኮከብ ፈንድቶ ታየ። በተለያዩ አገሮች ያሉ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ተባብረው ሲያዩት ቅርጹ እንደ ቀለበት ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ፍንጣሪው ውስጡ ባዶ እንደሆነ ኳስ ነው ማለት ነው። ኳሱ ከዓመት ዓመት ሲሰፋ በመለካት ፍጥነቱን አወቁ።

ጃንስኪ ይህንን ሁሉ አላየም። ግን «4 ደቂቃ ምን አላት!» ብሎ ቢያልፋት ኖሮስ? እኛም በክፍል ውስጥ ትንሽ ናት ብለን የምንውጣት ጥያቄ ካለች እጃችንን አውጥተን እንጠይቅ።