ዳግማዊ አፄ ምኒልክ፤ አዳዲስ መሣሪያዎችና የሕጻናት ደኅንነት

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ የሚገኘው የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉበት ታሪካዊ ስፍራ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ስም ከዓድዋ ድልና ከዘመናዊ መሣሪያዎች ወደ አገር መግባት ጋር ዘወትር ይነሣል። ለሕጻናት ጤናና ትምህርት ያደረጉት ግን ያን ያህል ሲወሳ አይሰማም።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲያርፉ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ በአፄ ቴዎድሮስም ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በዚያም በንጉሠ ነገሥቱ ቤት አድገው የደጃዝማችነት ማዕረግ አገኙ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን ዙፋን ያዙ።

መናገሻቸውን በእንጦጦ ካደረጉ በኋላ የተራራው ብርድና የማገዶ እጥረት አስቸገራቸው። ከተማዋ ወደ ፍልውሃ አካባቢ ወርዳ አዲስ አበባ ተባለች፤ የእንጨቱን ችግር ለማቃለልም ባሕር ዛፍ እንዲተከል ተደረገ።

በዘመነ መንግሥታቸው ስልክ፣ አውቶሞቢልና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ብዙዎች መሣሪያዎቹን በጥርጣሬ ተመለከቷቸው፤ ስልክ የሰይጣን ሥራ ተብሎ ተነቀፈ፣ ለሕዝብ የተከፈተው ሲኒማ ቤትም በኋላ የሰይጣን ቤት የሚል ስም ወጣለት። ምኒልክ ግን አዲሱን ነገር ራሳቸው እየመረመሩ፣ የሚጠቅምበትን ሥራ ይሰጡት ነበር። ስልክ በየአውራጃው ያሉትን ገዥዎች ከማእከሉ ጋር እንዲያገናኝ ተዘረጋ።

ለሕጻናትም የተደረገው ከዚሁ የተለየ አልነበረም። ሕጻናትን በብዛት ይፈጅ የነበረውን ፈንጣጣ ለመከላከል ክትባት እንዲሰጥ ደገፉ። በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የካህናቱን ስጋት ለማርገብ መምህራኑ ከግብፅ ኮፕት ክርስቲያኖች መጡ። ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በ1902 ዓ.ም. ተቋቋመ።

ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። በእርሳቸው ዘመን ጥቂቶች ብቻ ያዩት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ዛሬ በእጅ ስልክ አማካይነት ሕጻን እጅ ላይ ደርሷል። ከሥራ ደክሞ የሚገባ ወላጅ ልጁን ዝም ለማሰኘት ስልክ ሲሰጠው፣ ሕጻኑ ቋንቋ የሚማርበትን ጭውውት፣ ሰውነቱን የሚያጠነክርበትን ጨዋታና በቂ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕጻናት ስክሪን ፊት ተቀምጠው እንዳይውሉ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጡ መክሯል። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያሉት ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት እንደሚገባቸው አመልክቷል።

መሣሪያን በጭፍን መንቀፍም ሆነ ያለ ገደብ መልቀቅ ለትውልድ አይበጅም። ምኒልክ ለአዲስ መሣሪያ ቦታና ሥራ እንደወሰኑለት ሁሉ፣ በየቤቱ ያሉ ወላጆችም ለስክሪን ሰዓትና ልክ ሊወስኑለት ይገባል።