ሮበርት ኮክና የማታመው እባጭ

በአንገት ወይም በብብት ሥር አንዲት ትንሽ እባጭ ትወጣና ሳታም፣ ሳትቀላም ለብዙ ሳምንት ትቀመጣለች። አንዱ ስለማታመው ይንቃታል፤ ሌላው የሞት መልክተኛ መስላው እንቅልፍ ያጣል። ሁለቱም ሳይመረመሩ ፈርደዋል። የእንዲህ ያለችውን እባጭ አንዱን ምክንያት ለዓለም ያስረዳው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኮክ በ1843 ዓ/ም ክላውስታል በምትባል የማዕድን ከተማ ተወለደ። በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1866 ከጨረሰ በኋላ በ1872 ቮልሽታይን በተባለች ትንሽ ከተማ የመንግሥት ሐኪም ሆነ። ቀን በሽተኛ ሲያክም እየዋለ፣ በትርፍ ጊዜው በቤቱ ውስጥ ሚስቱ በሰጠችው ማይክሮስኮፕ ይመራመር ነበር። በ1876 የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ እንዴት እንደሚራባ አሳየ። ስለዚህም ስሙ ታውቆ በ1880 ወደ በርሊን ተጠራ።

በዚያን ጊዜ በአውሮፓ የነቀርሳ በሽታ ሕዝቡን ይፈጅ ነበር። ብዙ ሐኪሞች በዘር የሚወርድ ነው ይሉ ነበር። የአንገቱን እባጭ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ንጉሥ ቢዳስሰው ይድናል ተብሎ ለብዙ መቶ ዓመታት ታምኖ ኖሯል። ኮክ ግን ባክቴሪያውን በቀለም ነክሮ አየው፤ ከሰውነት ውጭ አራባው፤ በእንስሳትም ላይ ሞክሮ ያው በሽታ እንደሚነሣ አረጋገጠ። ማርች 24 ቀን 1882 በበርሊን ለተሰበሰቡት ሊቃውንት ግኝቱን ሲያስረዳ፣ ባክቴሪያው በሳምባ ብቻ ሳይሆን ከበሽተኞች በወጡ የአንገት እጢዎችም ውስጥ መገኘቱን ገለጠ። ቱበርክሎሲስ የሚለው ስም ራሱ ትንሽ እባጭ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው።

ይህ ታላቅ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ከማስረጃው ቀደመ። በ1890 ቱበርኩሊን የተባለውን መድኃኒት ነቀርሳን ይፈውሳል የሚል ተስፋ ስለ ሰጠ፣ በሽተኞች ከየአገሩ ወደ በርሊን ጐረፉ። መድኃኒቱ አላዳናቸውም፤ የሞቱም ነበሩ። አሠራሩንም ደብቆ በመቆየቱ ተነቀፈ። በኋላ ሌሎች ሐኪሞች በክንድ ቆዳ ላይ እየሰጡ የነቀርሳ መመርመሪያ አደረጉት። በ1901 ደግሞ ለንደን ላይ የከብት ነቀርሳ ለሰው እምብዛም እንደማያሰጋ ተናገረ። የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሲዮን ግን ዓመታት ፈጅቶ መረመረና፣ የታመመች ላም ወተት ለሕፃናት የእጢ ነቀርሳ ምክንያት እንደሚሆን አረጋገጠ። ኮክ በ1905 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ የኮሚሲዮኑ የመጨረሻ ሪፖርት ሳይወጣ በ1910 ባደን ባደን ላይ ሞተ።

የኮክ ሥራ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የነቀርሳ ሐኪም ቤት በመሆን ታውቋል። በዚያው በጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም የነቀርሳን ባክቴሪያ የሚመረምር ላቦራቶሪ አለው። በአገራችን ከሳምባ ውጭ ከሚታየው ነቀርሳ ብዙው የእጢ ነቀርሳ ነው። በሀገር ውስጥ የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ባክቴሪያ ነው፤ ሆኖም ወተትን አፍልቶ መጠጣት ይገባል።

እባጭ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ ስብ ሊሆን ይችላል፤ በአጠገቡ ከነበረ ቁስል የተነሣም እጢ ያብጣል። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየች ወይም እያደገች የምትሄድ፣ ይልቁንም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት የተከተላት እባጭ ለሐኪም መታየት አለባት። ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ጥቂት ናሙና ወስዶ ያስመረምራል። ነቀርሳም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ኮክ በመረመረ ጊዜ ዓለምን ጠቀመ፤ ሳይጨርስ በፈረደ ጊዜ ግን ያን ያህል ዕውቀት እንኳ ከስሕተት አላዳነውም። እንግዲህ በመስተዋት ፊት ቆሞ አንገቱን እየዳሰሰ በራሱ ላይ የሚፈርድ ወጣት፣ ፍርዱን ለምርመራ ቢተው ይሻለዋል።