ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ገበያ ውስጥ፣ ሶማሌ ተራ ወደሚባለው ሰፈር የሚገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የአውቶሞቢል ብልት ነው። በአንዱ ሱቅ በር የተፈታ ሞተር፣ በሌላው የመብራት መስታወት፣ በሦስተኛው ፍሬንና ማርሽ ተደርድሮ ይታያል። ቱርቦ ያለው አዲስ ስቴሽን ዋገን ገዝቶ ቤተሰቡን ጭኖ የሚዘዋወር ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን ሰፈር አያስበውም፤ የሚያስበው የወንበሩን ምቾት፣ የቀለሙን ማማር፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት የሚያሳየውን ጉልበት ነው። ዳሩ ግን ጊዜው ሲደርስ የማንኛውም አውቶሞቢል ባለቤት ወደዚህ ብቅ ማለቱ አይቀርም። እኛም ዛሬ ልናወሳ ያሰብነው ይህ ሁሉ ሱቅና ይህ ሁሉ መካኒክ ባልነበረበት ዘመን፣ በአዲስ አበባ የአዲስ አውቶሞቢልን ጣዕም ከሁሉ ቀድመው ስለ ቀመሱት ንጉሠ ነገሥት፣ ስለ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው በኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ሲሞቱና ሸዋ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ስትገባ ሕፃኑ ተማርከው ሄዱ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም በዐፄ ቴዎድሮስ ጥበቃ ሥር አደጉ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። ያደጉበት ቤተ መንግሥት የፈረንጅ ባለሙያዎች ጠመንጃና መድፍ እንዲሠሩ የሚታዘዙበት ቤተ መንግሥት ነበርና፣ መሣሪያና ጥበብ ለመንግሥት ምን ያህል እንደሚጠቅም ገና በልጅነታቸው አይተዋል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ወደ ሸዋ ከተመለሱ በኋላ ሁለት ነገር ሳይሰለቹ ሲፈልጉ ኖሩ። አንደኛው የአገር አንድነት ነው፤ ሁለተኛው የእጅ ጥበብ ነው። በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊስ አገር መሐንዲስ ወደ ሸዋ መጣና ለብዙ ዓመታት አገልጋያቸውና አማካሪያቸው ሆነ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጭነው ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ በዐድዋ ድል ካደረጉ በኋላ፣ የውጭ ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፍ ጀመር። ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ወጣ፤ ስልክ ተዘረጋ፤ የፖስታ ቴምብር ታተመ። ምኒልክም አዲስ ዕቃ ሲቀርብላቸው አድንቀው ብቻ የሚያስቀምጡ ሳይሆኑ፣ ውስጡን ለማየትና አሠራሩን ለመጠየቅ የሚተጉ እንደ ነበሩ ይነገርላቸዋል።

ከአውቶሞቢል አስቀድሞ ለአዲስ አበባ ሕዝብ የታየው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ነው። ይህን ከባድ መሣሪያ ያስመጣው ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል የአርመን ነጋዴ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር እያለ ይጠራው ነበር። በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጂቡቲ ተነሥቶ ከድሬዳዋ አላለፈም፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ንጉሠ ነገሥቱ ካረፉ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው ጕዞ የበቅሎ፣ የግመልና የሰው ጉልበት ጕዞ ነበር። በዚህ ላይ የአሳቡን ቅደም ተከተል አንባቢያችን እንዲመለከት እንወዳለን፤ መንገድ የሚደለድለው መሣሪያ በመንገድ ላይ የሚሮጠውን ቀድሞ መጣ።

በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌ የተባለች አውቶሞቢል በመርከብ እስከ ጂቡቲ አምጥቶ፣ ከዚያ በረሓውን አቋርጦ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ አዲስ አበባ ገባ። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ናኬ በተባለች በአገሩ በተሠራች አውቶሞቢል ተከተለው። ሁለቱም ጕዞ በየአገራቸው መጽሐፍ ተጽፎበታል። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ ዛሬ ባለአውቶሞቢል በአንድ ቀን ጨርሶ ማታ የሚተኛበትን መንገድ፣ እነሱ ድንጋይ እያነሡና ገደል እያስተካከሉ ነው ያለፉት።

ንጉሠ ነገሥቱም አውቶሞቢሏን በሩቅ አይተው አልተመለሱም፤ ራሳቸው ወጥተው ተቀመጡባት፤ ሄዱባትም። ከዚያ በፊት ንጉሥ ሲወጣ በበቅሎ ተቀምጦ፣ ጥላ ተይዞለት፣ ሠራዊትና መኳንንት ከፊትና ከኋላ አጅበውት በዝግታ ይሄድ ነበር። አውቶሞቢል ግን አጃቢን ወደ ኋላ ታስቀራለች። ስለዚህ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል ያመጣችው ፍጥነትን ብቻ አይደለም፤ በንጉሥና በአጃቢው መካከል የቆየውን ልማድ ጭምር ነካች። ለሥርዓት ለሚጨነቅ ባለሟል ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ምኒልክ ግን ከክብር ልማድ ይልቅ የነገሩን ጥቅም መመርመር የሚወዱ ስለ ነበሩ አልሸሹትም።

የአዲስ አበባ አየር ግን ለሞተር አይመችም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ስለ ሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በጂቡቲ ባሕር ዳር እንደ ልብ የሮጠች አውቶሞቢል እንጦጦ ሥር ስትደርስ ብትደክም ጥፋቱ የሹፌሩ አይደለም። የዚህ በሽታ መድኃኒት ግን በዚያው ዘመን በአሳብ ተወልዶ ነበር። አልፍሬድ ቡኺ የሚባል ስዊሳዊ መሐንዲስ፣ ሲድሌይቱ አዲስ አበባ ከመግባቷ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1898 ዓ.ም. በጭስ የሚሽከረከር ቱርቦ የተባለውን ዘዴ በጀርመን አገር በስሙ አስመዘገበ። አሠራሩም ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያዞራል፤ መዘውሯም አየሩን አምቃ ወደ ሲሊንደሩ ትሰድዳለች። የዛሬው ባለስቴሽን ዋገን የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ብዙ የማይደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው አሳባችን እንመለስ። አውቶሞቢሊቱ በገባችበት በዚያው በ1900 ዓ.ም.፣ በጥቅምት ወር፣ ዐፄ ምኒልክ እንደ ውጭ አገር ሥርዓት ሚኒስትሮችን ሾሙ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። የአዲስ አበባን ገበያና ቀረጥ ያስተዳድሩ የነበሩት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ደግሞ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያን ጊዜ ትልቁ ገበያ የሚቆመው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ አውቶሞቢልና አንድ የሚኒስትሮች ጉባኤ አዲስ አበባ ገቡ ማለት ነው። ሰው ሁሉ በመንገድ ላይ ቆሞ የተመለከተው አውቶሞቢሊቱን ነው፤ ለአገሩ የበለጠ ርቆ የሄደው ግን ያለ ጩኸት የተቋቋመው ሁለተኛው ነው።

ይህንም የምንልበት ምክንያት አለን። የንጉሠ ነገሥቱ ጤና በዚያው ዘመን ይታወክ ጀምሮ ነበር። በ1902 ዓ.ም. ሕመሙ እጅግ ጸናባቸው፤ ሥራውንም በራሳቸው ሊመሩ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ውለው፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በአዲሱ ነገር መደሰቻ ጊዜያቸው ጥቂት ነበር። ባለቤቱ ሲታመም አውቶሞቢል ትቆማለች፤ ሹፌር፣ ቤንዚን፣ ጎማና የሚያድስ እጅ ከሌላት የብረት ክምር ናት። ሚኒስቴሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፖስታውና የባቡሩ ሐዲድ ግን ብዙ ሰው የያዛቸው ስለ ነበሩ፣ እየተንገዳገዱም ቢሆን ከንጉሡ በኋላ ሄዱ።

የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ከተማ እንዲዛወር ተደረገ፤ መርካቶ የሚለው ስምም ከጣልያንኛ ቀረ። ወራሪው ገበያውን ያዛወረው ነጭና ጥቁርን ለመለየት ነበር፤ የአገሩ ነጋዴና ባለሙያ ግን ቦታውን የራሱ አደረገው። ምኒልክ ለአውቶሞቢላቸው ያላገኙትን ነገር ዛሬ በሶማሌ ተራ በየደጃፉ እናገኘዋለን፤ የተሰበረውን የሚያውቅ፣ የሚመጥነውን የሚፈልግ፣ ከሁለት አሮጌ አንድ ደኅና የሚያወጣ ሰው ሞልቷል።

ዘመኑ ደግሞ ዳግመኛ እየተለወጠ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሎ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እንዲገቡ አድርጓል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል ከፍታ አያደክመውም፤ ቱርቦም አያሻውም። ነገር ግን እንደ ሲድሌይቱ ሁሉ፣ ኃይል የሚሞላበት ስፍራና አሠራሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ከዚህ ታሪክ የሚያገኙት ትምህርት ይህ ነው ብለን እናምናለን። አዲስ ዕቃ መውደድ ነውር አይደለም፤ ታላቁ ንጉሥም ወደዋል። ነገር ግን ለመሥሪያ ቤቱ አዲስ መሣሪያ እንዲገዛ የሚፈርም ባለሥልጣን ከመፈረሙ በፊት መንገዱን ማን ይደለድላል፣ ሲሰበር ማን ይጠግናል፣ እኔ ባልኖር ማን ያንቀሳቅሰዋል ብሎ ይጠይቅ። ለእነዚህ መልስ ያገኘ መሣሪያ ለአገር ሀብት ይሆናል፤ መልስ ያላገኘው ግን ቀለሙ እስኪደበዝዝ ድረስ ብቻ ያስደስታል።